የዋንዛው ሰፈር ተራ ጠባቂዎች

ደምመላሽ በአሥራ አራት ዓመት የመንግሥት ሥራ ዘጠኝ ቤት ተከራይቷል፤ ከዘጠኙም የወጣው ተጣልቶ ነው። ከአንዱ አከራይ ጋር በመብራት፣ ከአንዷ ጋር በሽንት ቤት ቁልፍ፣ ከሌላው ጋር ደግሞ የልጁ የሔርሜላ ኳስ ጎመን ሰበረች በሚል ነገር ተጨቃጭቋል። እውነቱ ሁልጊዜ ከእሱ ጋር ነበር፤ ዕቃውን ጋሪ ላይ የሚጭነውም ሁልጊዜ እሱ ነበር።

ወደ ቦንጋ የተዛወረው በ2000 ዓ.ም. መግቢያ፣ አገሩ ሁሉ የሚሊኒየም ባነር በሰቀለበት ሰሞን ነው። የውሃ መሐንዲስ ነው። ሚስቱ ብርቅዬ አስተማሪ ናትና ዝውውሯ እስኪፈቀድ ልጇን ይዛ ወልቂጤ ቀረች፤ ለጥር ልትመጣ ነው። መናኸሪያ ስትሸኘው ሁለት ነገር አስማለችው። አንደኛው ከእንግዲህ ኪራይ ቤት አንገባም የሚል ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ከበደው።

«ቤቱን ሳይሆን ዕድሩን ምረጥ» አለችው። «ግድግዳው ቢሰነጠቅ እንለስነዋለን። ዕድር የሌለበት ግን እግሬን አላነሣም፤ ዋ!»

ለምን እንዳለች ያውቃል። ሆሳዕና በነበሩ ጊዜ አባቷ ለሕክምና መጥተው ኪራይ ቤታቸው ውስጥ ዐረፉ። ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደውን ተከራይ ማን ዕድር ያስገባዋል? ድንኳን አልተተከለም፤ ጡሩምባ አልተነፋም። ሬሳውን ደምመላሽና ከገበያ የተቀጠሩ አራት ወዛደሮች ተሸክመው ወሰዱት። አንደኛው ወዛደር መንገድ ላይ ሲጋራ ለኮሰ። ብርቅዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ብዙ ነገር ይቅር ብላለች፤ ስለዚያች ሲጋራ ግን ማንንም ይቅር አላለችም።

እንግዲህ ደምመላሽ ቦንጋ ላይ የሚፈልገው ቤት ብቻ አልነበረም። የሚቀብረውን ሰው ነበር የሚመርጠው። ይህን ደግሞ ለደላላ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ደላላው ፍቃዱ ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። በመጀመሪያ የወሰደው «ላይ ሰፈር» ወደሚባለው ነው፤ ኃላፊዎች የሚኖሩበት ኮረብታ። ቤቱ ያምራል። ደምመላሽ ግን ቧንቧውን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋ፤ ቧንቧው ተነፈሰና ዝም አለ።

«ውሃ እዚህ የሚወጣው ሚኒስትር ሲመጣ ነው» አለ ደምመላሽ። «ዕድሩስ እንዴት ነው?»

«የተከበረ ነው፤ አባሎቹ በሙሉ ባለ ሥልጣን ናቸው።»

«ሰው ከሥልጣን ሲወርድስ?»

ፍቃዱ ጭንቅላቱን አከከ። «ያኔ እንኳ... ሰፈር ይቀይራል።»

ቀጥሎ መናኸሪያ ሰፈር ሄዱ። ገና ከበሩ ሳይደርሱ «ሺሺንዳ! ሺሺንዳ የሞላ!» የሚለው የረዳቶች ጩኸት ተቀበላቸው። ጩኸቱስ ይለመዳል፤ ዕድሩ ግን አምና ተጣልቶ ለሁለት ተከፍሏል። ድንኳኑን አንደኛው ወገን ወስዷል፤ ምሰሶውን ሌላኛው ይዟል። ሰው ሲሞት ሁለቱም ያለቅሳሉ እንጂ ማንም ድንኳን አይተክልም።

«ኢንጂነር» አለ ፍቃዱ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጫማው በጭቃ ከብዶ፣ «እርስዎ ቤት ነው የሚፈልጉት ወይስ እንከን? እንከን ከሆነ እኔ ዘንድ ሞልቷል፤ በነፃ ልስጥዎ።»

ደምመላሽ አልሳቀም። አልጋ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶታል። ከሥራ ሲወጣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ ዝናብም ቢሆን ይዞራል፤ የሰው አጥር ያያል፣ የሰው ጣሪያ ይቆጥራል፣ ለቅሶ ቤት ካየ ቆሞ ስንት ሰው እንደመጣ ይገምታል። አንድ ቀን ከማያውቀው ለቅሶ ገብቶ ተቀመጠ። ሟቹ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ መመለስ አልቻለም።

የዋንዛውን ሰፈር ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰፈሩ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጫካው ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ መሐሉ ቆሞ አርባ አንድ ቤት ዙሪያውን ሰፍሮበታል። የሚሸጠው ቤት ሦስት ክፍል ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጓሮው እንሰትና አቮካዶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉድጓድ አለው። ደምመላሽ ባልዲውን አውርዶ ውሃ ቀዳ፤ ወደ ብርሃን ይዞ አየው፤ አሸተተው። ጠጣው፤ ደገመው። ዕድሩም የተመሰገነ ነው። ጋሽ ወልደሥላሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ዳኛው ናቸው፤ በሃያ ዓመት አንድ ቀብር አልተጓደለም ይባላል።

«ታዲያ ለምን አልተሸጠም?» አለ። «ስንት ሰው አየው?»

«ሁለት ሰው አይቶ ነበር» አለ ፍቃዱ፤ ዐይኑን ወደ ዋንዛው አሸሸ። «ሰፈሩ ትንሽ... ቀዝቀዝ ይላል።»

ደምመላሽ ይህን ጊዜ ነቃ። ማዘጋጃ ቤት አራት ቀን ተመላለሰ፤ ካርታውን አየ፣ ማስተር ፕላኑን አስዘረጋ፣ እገዳ ይኑር አይኑር አስመረመረ። ምንም የለም። የሥራ መሣሪያውን ተሸክሞ ሄዶ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ ለካ። በቤቱ በኩል አይወርድም። ወረቀቱን፣ አፈሩን፣ ውሃውን ሁሉ መረመረ። የተማረ ሰው ነዋ! በግራ በኩል ካለው አጥር ወዲያ ማን እንደሚኖር ግን ለመጠየቅ አላሰበም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ሄደ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዓባይነሽ ጅማ ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ነው ቤቱን የሚሸጡት፤ ማድ ቤት ነበሩ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ሸሚዙን እስከ ክንዱ ሰብስቦ የዘመመ የአጥር እንጨት ያቃናል።

«ደህና አደሩ?» አለው ደምመላሽ።

ሰውየው ዞር ብሎ ኋላውን አየ፤ አንቱታው ለሌላ ሰው የተላከ መስሎት። ማንም የለም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ» አለ። ለገሰ እባላለሁ፣ ጎረቤት ነኝ፣ ከማር አምራቾች ማኅበር ጋር ነው የምሠራው አለ። ደምመላሽ ስለ ጉድጓዱ ጠየቀው።

«በበጋም አይደርቅም። አሥራ ሁለት ሜትር ነው። እኔ ነኝ የቆፈርኩት።»

ለመሐንዲስ ከዚህ የበለጠ ዝምድና የለም። «ይግቡ እንጂ ታዲያ! አጥር ተደግፎ ጨዋታ አለ እንዴ?»

«እዚህ ይሻለኛል።»

«ምን ይሻላል! ይግቡ!» አለና በአጥሩ ክፍተት ክንዱን ይዞ ሳበው። ለገሰ ክንዱን ሊያስለቅቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን አንድ የመንግሥት ኃላፊ የያዘውን ክንድ እንዴት ይነጥቃል? ሳሎን ገቡ። ደምመላሽ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ገና ያልገዛው ቤት ውስጥ እንደ ባለቤት ከጠረጴዛው ጆግ አንሥቶ በብርጭቆ ውሃ ቀዳለት።

ለገሰ ብርጭቆውን አየ። በሩን አየ። ቢመልሰው የእንግዳው ፊት ይጠቁራል፤ ቢጠጣው የባለቤቷ። ጠጣው።

እትዬ ዓባይነሽ የገቡት ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ እንዳለ ነው። ቆመው ቀሩ። ለገሰ ብርጭቆውን በዝግታ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ በመጣበት ክፍተት ወጣ። ሴትዮዋ ብርጭቆውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ወጡና ጓሮ አቮካዶው ሥር ጣሉት።

«ማንጆ ነው፣ ልጄ» አሉ ሲመለሱ፣ እንደሚያዝኑለት ሁሉ። «አልነገሩህም እንዴ?»

«ምን ነው?»

«ማንጆ። ከእነሱ ጋር አንበላም፣ አንጠጣም። ዱሮም ነው።»

ደምመላሽ በመስኮቱ ወደ ጉድጓዱ ጠቆመ። «እትዬ፣ ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ አይደለም?»

«እሱ ነው።»

«ውሃውን ይጠጡታል?»

«ጠበል አስረጭተንበት ነዋ!»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ዘመኑን ጠራ፣ ሕጉን ጠራ፣ የሚሊኒየሙን ባነር ጠራ። እትዬ ዓባይነሽ አለቀሱ። ደምመላሽ እያንባረቀ ወጥቶ ፍቃዱን ቁርስ ቤት ውስጥ አገኘው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ፍቃዱ ጉርሻውን ውጦ አስረዳው። ማንጆዎች የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸውም ያው የከፋው ካፊኖኖ ነው። አባቶቻቸው ያድኑ ነበር፤ የዱር አውሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ነው የተገለሉት፤ ዛሬም ብዙዎቹ እንጨትና ከሰል ይሸጣሉ። መንገድ ላይ ሰው ሲያዩ ከመንገዱ ወርደው የሚያሳልፉ አዛውንት አሁንም አሉ። ለገሰ ሠርቶ መሬት ገዝቶ ከተማ ከገባ ወዲህ ነው የእትዬ ዓባይነሽ ቤት ገዢ ያጣው።

«ብነግርዎ ይገዙ ነበር?» አለ ፍቃዱ በመጨረሻ።

«እንዴታ!»

«እንግዲያስ ይግዙ» አለና እንጀራውን ቆረሰ።

በማግስቱ ጋሽ ወልደሥላሴ ራሳቸው አልጋ ቤቱ ድረስ መጡ። ረጅም፣ ከዘራ የያዙ፣ ቃላቸውን እየመዘኑ የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ቤቱን ግዛ፤ ደስ ይለናል» አሉ። «የዕድር ማመልከቻህንም አስገባ፤ የሚመጣው እሁድ ስብሰባ አለ። ግን ሰዉ ተቆጥቷል። ስትጠየቅ ‹አላወቅሁም ነበር› በል፤ ያልቃል። ደግሞም እውነት ነው።»

«እውነት ነው። ግን እናንተ እንደ ይቅርታ ነው የምትሰሙት!»

«እኛ የምንሰማውን ለእኛ ተወው።»

«ጋሽ ወልደሥላሴ፣ እርስዎ መምህር ነበሩ! ሕገ መንግሥቱ ምን እንደሚል...»

«አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለልጆች አስተምሬዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሕገ መንግሥት ግን ሬሳ አይሸከምም።»

ደምመላሽ ሲሸነፍ ይብስበታል። «እናንተ ትሸከማላችሁ እንጂ! ከሬሳው ኩራታችሁ አይከብድም?» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ደምመላሽ ክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ ብርቅዬ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት፤ ወዛደሩም ከነሲጋራው።

ሐሙስ ማመልከቻውን ለዕድሩ ጸሐፊ ሰጠ፤ ዓርብ ዕለት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የቤቱን ውል ፈረመ። አስቦበት አይደለም፤ ተናዶ ነው። ቁልፉን እንደተቀበለ በቀጥታ ለገሰ ቤት ሄደ፤ ምሥራቹን ሊነግረው፣ ምስጋናም ሳይጠብቅ አልቀረም።

ለገሰ ደጁ ላይ የማር ቆርቆሮዎች እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ አየውና ማጠቡን ቀጠለ።

«ገዛሁት» አለ ደምመላሽ። «አይዞዎት። እሁድ ስብሰባው ላይ ልክ ልካቸውን ነው የምነግራቸው!»

«ማን ለመንዎ?»

ደምመላሽ ያልሰማ መሰለው። «ምን አሉኝ?»

«ማን ለመንዎ ነው የምለው!» ለገሰ ቆርቆሮውን አስቀመጠ። እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አንቱታው ግን እንደ ቢላ ነው። «እርስዎ ተናገሩ፣ ወጣልዎ፣ ደስ አለዎት። ዝውውር ሲመጣ ዕቃዎን ጭነው ይሄዳሉ። እኔ የት እሄዳለሁ? እኔ ዕድር እንዲያስገቡኝ ማመልከቻ ካስገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ያውቃሉ?»

ደምመላሽ አያውቅም ነበር።

«በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ፈላጩ እኔ ነኝ። ውሃ ቀጂው እኔ ነኝ። ድንኳኑ አጠገብ እቆማለሁ እንጂ ድንኳኑ ውስጥ አልገባም። ንፍሮ ከአንድ ሰፌድ ነው የሚዘገነው፤ ለዚያ ነው ፍርሃታቸው፤ እጄ ከእጃቸው ጋር አንድ ሰፌድ ላይ እንዳይገናኝ። መጀመሪያ ዓመት ምንም አልሰጡኝም። ሁለተኛው ዓመት ጋሽ ወልደሥላሴ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው መሬት ላይ አስቀመጡልኝ። አምና በኮባው እጄ ላይ ሰጡኝ። ዘንድሮ መስከረም ከሰፌዱ በእጃቸው ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ፤ ሰው ሁሉ እያየ። ለዚህ እሁድ ከእሳቸው ጋር ሃያ ሁለት ቤት ቆጥረን ነበር፤ ሃያ ሁለቱ እሺ ብለውን ነበር! ከአርባ አንድ ሃያ ሁለት!» አረፋውን ከእጁ ላይ በኃይል አራገፈ። «አንዲት ብርጭቆ። ክንዴን ጎትተው።»

ደምመላሽ ሲሳደቡት መሳደብ ያውቃል፤ ሲገፉት መግፋት ያውቃል። በትክክል ሲወቀስ ምን እንደሚደረግ ግን በአርባ ዓመቱ አልተማረም ነበር።

«ምን ላድርግ?» አለ በመጨረሻ።

«እሁድ ይምጡ። አፍዎን ዘግተው ይቀመጡ።»

ከዚያ ወደ ገዛው ቤት ገባ። ባዶ ነው፤ እግሩ ሲረግጥ ያስተጋባል። ጓሮ ወጣ። ብርጭቆው አቮካዶው ሥር አሁንም አለ፤ የዝናብ ውሃ አቁሯል፤ ጉንዳን ዙሪያውን ይዞረዋል። አንሥቶ ከጉድጓዱ በቀዳው ውሃ አጠበውና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ እሱ ብቻ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ ዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። አባላት አግዳሚ ላይ፣ ደምመላሽ ጫፍ ላይ ባለ ወንበር፣ ለገሰ ደግሞ ከዋንዛው ጥላ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና የለገሰን ማመልከቻ አነበበ፤ ኅዳር 1997 ዓ.ም. የተጻፈ ነው።

አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተነሡ። «እኛ እኮ አልጠላነውም» አሉ፤ «ጎበዝ ነው፣ ታዛዥ ነው። ግን ገና ሳይገባ ሰው ቤት ገብቶ በብርጭቆ ከጠጣ፣ ከገባ በኋላ ምን ሊያደርግ ነው?»

«ሰፌዱን ይዞ ይሄዳላ!» አለ ከኋላ አንዱ። ተሣቀ።

ደምመላሽ ጥርሱን ነከሰ። «እኔ ነኝ የጎተትኩት» የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ሲል ለገሰ ከፀሐዩ ላይ ሆኖ አፍጥጦ ያየዋል። ዋጠው። በሕይወቱ የዋጠው የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን አይቀርም፤ እንደ ድንጋይ ነው የወረደለት።

እጅ ወጣ። አሥራ ስድስት። ጋሽ ወልደሥላሴ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ሁለተኛውን በጣም በዝግታ። አሥራ ስድስት ነው። «ለሚቀጥለው ዓመት ይደር» አሉ፤ ድምፃቸው ሻከረ። ለገሰ ከቦታው አልተነቃነቀም።

የደምመላሽ ማመልከቻ ቀጠለ። «የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለትዳር፣ የአንድ ልጅ አባት» ብሎ አነበበ ጸሐፊው። ማንም ለመቃወም አልቸኮለም። መሐንዲስ ጎረቤት፣ የውሃ ሰው፣ ማን ይጠላል?

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ፤ ዐይናቸው ልመና አለበት። «የዚያን ዕለት አላወቅህም ነበር። አይደል?»

ደምመላሽ ተነሣ። ሰው ሁሉ ‹አሁን ሊጮህ ነው› ብሎ ጠበቀ። ድምፁ ግን ሲወጣ የራሱ አልመሰለውም፤ ቢሮ ውስጥ የባለ ጉዳይ ፋይል እንደሚያነብ ሰው ነበር።

«ያን ዕለት አላወቅሁም ነበር። አሁን አውቃለሁ» አለ። «ጸሐፊ፣ የእኔ ማመልከቻ መቼ ነው የገባው?»

«ታኅሣሥ 3 ቀን 2000።»

«የአቶ ለገሰ?»

«ኅዳር 1997።»

«እሳቸው ይቀድሙኛል። መዝገቡ ላይ ከእሳቸው በታች ይጻፉኝ፤ እሳቸው ሲገቡ እገባለሁ።» ተቀመጠ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አሉ ወፍራሟ ሴትዮ፤ «ዛሬ ማታ ብትሞትስ?» 

ደምመላሽ መልሱን ያውቀዋል፤ አራት ወዛደር ነው። ጋሽ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠርዝ ረጅም ጊዜ ወለወሉ። ከዚያ ለጸሐፊው፣ «ጻፈው» አሉ። «ከለገሰ በታች። እንዳለው አድርገህ ጻፈው።»

ሲበተኑ ለገሰ መንገድ ላይ ደረሰበት። ለጥቂት እርምጃ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ለገሰ ከመንገዱ አልወረደም።

«አፍዎን ይዝጉ ብዬዎት ነበር።»

«ትንሽ ነው የተናገርኩት።»

«ትንሽ ነው» አለ ለገሰ። ቀጥሎም፣ «አጥሩ ገና አላለቀም። ነገ መዶሻ ይዘው ይምጡ» አለና ወደ ቤቱ ታጠፈ።

ሰኞ ጠዋት በቢሮ ስልክ ወልቂጤ ደወለ። ብርቅዬ የተጠራችው ከክፍል ነው፤ ትንፋሿ ይሰማል። ስለ ሦስቱ ክፍል ነገራት፣ ስለ አቮካዶው፣ ስለ ጉድጓዱ።

«ዕድሩስ?» አለች።

«ተራ ይዘናል።»

«የምን ተራ? ደግሞ ከማን ተጣላህ?»

ነገራት። ክንዱን እንደጎተተ፣ ብርጭቆው እንደተጣለ፣ ሃያ ሁለቱ ቤት አሥራ ስድስት እንደሆነ፣ ንፍሮው በኮባ ቅጠል እንደተሰጠ ሁሉንም፣ የራሱንም ጥፋት ሳይቀንስ ነገራት። በወዛደር ትከሻ የቀበረችውን አባቷን እንደምታስብ ያውቃል። ስልኩን ትዘጋዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ያ ሰውዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ሳያስገቡት ሦስት ዓመት ሙሉ ለቀብራቸው እንጨት ፈለጠ?»

«ፈለጠ።»

«ለአባቴ አንድ ሰው እንኳ አልፈለጠለትም» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ተመለሰ። «እኛ ስንተኛ ነን?»

«ሁለተኛ።»

«እሺ። በጥር እመጣለሁ። ለዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ ንገርልኝ፤ ተራችን እስኪደርስ ማንም እንዳይሞት። አንተም ጭምር።»